የግራ ጆሮዬ ዋጋ

ግራ ጆሮዬን ያጠፋው በሽታ አይደለም፤ ባለቤቴ ነው። ይህን ከሁሉ በፊት ያስቀመጥኩት የሶዶ ሰው ታሪኩን ከጭራው ጀምሮ ስለሚያወራው ነው። «በስተርጅናዋ ባሏን ሽማግሌ ፊት አቆመችው፤ ለጆሮ ማሽን ብላ በሬውን አሸጠችው» ይላሉ። በሬው መሸጡ እውነት ነው። ከዚያ በፊት የሆነውን ግን ማንም አያወራም፤ ስለዚህ እኔ እጽፈዋለሁ። መስማት የደከመው ሰው፣ ወይም እናቱ «እ?» ማለት ያበዛችበት ልጅ ካነበበው ከእኔ ኪሳራ ይማርበት። የሚያሙኝም ያንብቡት።

ያኔ የምንኖረው ከሶዶ ወጣ ባለችው ቦዲቲ ከተማ ነበር። እኔ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ፤ ባለቤቴ መርክነህ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፣ ከቢሮ ሲመለስ ደግሞ በሬ ያደልባል። ልጃችን ምሕረት ገና ጡት አልጣለችም። በእኛ አገር ለጊፋታ፣ በመስከረም ለሚከበረው አዲስ ዓመታችን፣ ወንዶቹ ዓመቱን ሙሉ የበሬ ገንዘብ ያጠራቅማሉ፤ ሴቶቹ የቅቤ። የቅቤው ገንዘብ የሴቶቹ ነው፤ ወንድ እጁን አያስገባበትም። የሰፈራችን ሴቶች ገንዘባቸውን የሚያስቀምጡት እኔ ዘንድ ነበር፤ አስተማሪ ናት፣ አታጠፋውም ብለው።

መርክነህ በዚያ ዓመት ገበያ ላይ አንድ ወይፈን አይቶ ልቡ እዚያው ቀረ። የቅቤውን ገንዘብ አበድሪኝ አለኝ። የእኔ አይደለም አልኩት። ሌላ ቃል አልጨመርኩም።

በጡጫ ቢመታኝ ፊቴ ያብጥና ሰው ያይልኝ ነበር። እሱ ግን መዳፉን እንደ ጭልፋ አጉብጦ ግራ ጆሮዬ ላይ አሳረፈው። ውስጤ የሆነ ነገር እንደ ከበሮ ቆዳ ሲቀደድ ሰማሁ። በዚያ ጆሮ አጥርቼ የሰማሁት የመጨረሻ ድምፅ ያ ነው። ግድግዳውን ያዝኩ፤ ግድግዳው ዞረ፤ ወደቅሁ። አንገቴ ላይ ሙቅ ነገር ወረደ። እሱ በላዬ ተራምዶ ሣጥኑን ከፈተ፣ ገንዘቡን ቆጥሮ ወጣ፤ ወይፈኑንም ገዛው። ጎረቤቶቼ በዓሉን ያለ ቅቤ ዋሉ። እኔም እስከ ዛሬ ቦዲቲ ውስጥ የሚጠሩኝን ስም አተረፍኩ፦ የቅቤ ገንዘብ የበላችው አስተማሪ። የበላው ማን እንደሆነ አሁን ታውቃላችሁ።

ጤና ጣቢያ የወሰደኝ ታናሽ ወንድሙ ባሳ ነው። ባሳ ነጋዴ ነው፤ ምላሱ ከሚዛኑ ይቀድማል። ነርሷ «ምን ሆነሽ ነው?» ስትለኝ አፌን ሳልከፍት እሱ መለሰ።

«ከደረጃ ወድቃ ነው።»

ቤታችን ደረጃ የለውም። ነርሷ ግን «ወድቃ» ብላ ካርዱ ላይ ጻፈች፤ ያቺ ቃል ከዚያ ካርድ ወደሚቀጥለው እየተገለበጠች ዕድሜዬን ሙሉ ተከተለችኝ። ከዚያ ወዲህ ያየኝ ባለሙያ ሁሉ መጀመሪያ የሚያነበው እሷን ነው። የወደቀችን ሴት ማን መታሽ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ጆሮዬ መገለ። ጠብታ ሰጡኝ፤ ደረቀ፤ ጉንፋን ሲይዘኝ ተመልሶ መገለ። ጥጥ ወትፌ አስተምራለሁ። ልጆች ብልጥ ናቸው፤ የትኛው ጆሮዬ እንደሞተ ሳልነግራቸው ዐወቁ። ማውራት የፈለገ ሁሉ በግራዬ በኩል ይቀመጣል።

ወደ ሶዶ ከተዛወርን በኋላ አንድ የግል ክሊኒክ ገባሁ። ባለሙያው ካርዴን አነበበ፣ ጆሮዬን በመብራት እንኳ ሳያይ «ኩክ ደፍኖት ነው» አለና ትልቅ ስሪንጅ ውሃ ሞልቶ ወደ ውስጥ ገፋው። ታምቡር ማለት በጆሮ ውስጥ ያለች ስስ ቆዳ ናት፤ የእኔ ተቀድዳለች። ውሃው በቀዳዳው አልፎ ጉሮሮዬ ድረስ ገባ። ሚስማር በጆሮዬ አስገብተው በመዶሻ የመቱኝ ያህል ነበር። ክፍሉ ተገለበጠ፤ የአልጋውን ብረት ጨብጬ ልብሴ ላይ አስመለስኩ። ሰውየው ፎጣ አቀበለኝና «ይለምዳል እማማ» አለ። አስከፍሎኝ ነው ያስወጣኝ። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይህ ነው፦ ጆሯችሁን በመብራት ሳያይ ውሃ ላስገባ የሚላችሁን ሰው እጁን ያዙት።

ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ደግሞ አንድ ከሌላ ከተማ የመጣ እንግዳ ሰባኪ ነበር። ባለቤቴ በዚያች ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ ወደ መድረክ የገፋኝ እሱ ነው። ሰባኪው መዳፉን ግራ ጆሮዬ ላይ ጭኖ ተጫነ። መዳፍ በዚያ ጆሮዬ ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚሰማኝ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ ያጨበጭባል። ሰባኪው ማይክሮፎኑን ጆሮዬ ላይ ደቅኖ ምን ብሎ እንደጮኸ አላውቅም። ሕዝቡ ሲነሣና ሲያጨበጭብ አየሁ። በማግስቱ ሰው ሁሉ «ተፈወስሽ አሉ» ሲለኝ «እ?» አልኩ። እምነቴ ጎደለ ብለው ያሙኝ ጀመር። በእግዚአብሔር ቅሬታ የለኝም፤ እሱ አልመታኝም።

ከዚያ ቀኙም ደከመ። መጀመሪያ የጠፉብኝ ወፎቹ ናቸው፣ ቀጥሎ የሴቶች ድምፅ፣ ቀጥሎ በስልክ የሚመጣ ድምፅ ሁሉ። ደቡብ አፍሪካ የሚኖረው ወንድ ልጄ መደወል ተወ። «አትሰማም፣ ምን ብዬ ልደውል?» ብሏል አሉ። የእኔ አለመስማት ተመቸው። ትምህርት ቤቱም ጡረታዬ ሳይደርስ ሸኘኝ። ርዕሰ መምህሩ ለስንብቴ ንግግር አደረገ፤ አልሰማሁትም፤ ብዙ አላጣሁም ይመስለኛል።

ሰው የማያውቀው የማታውን ነው። መስማት የተሳነው ሰው ጨለማን ይፈራል ብዬ ብናገር ልጆች ይስቁ ይሆናል። የሚገባው ሰው እግሩ ድምፅ የለውም። በሩ ሲከፈት አይሰማም። ከተናደደ ሰው ጋር የምትኖር ሴት ባሏ ምን ሆኖ እንደገባ የምታውቀው በአረማመዱ ነው፤ ለመደበቅም፣ ለመሸሽም፣ ሕፃን ለማንሳትም ጊዜ የሚሰጣት እሱ ነው። እኔ ያንን አጣሁ። የማውቀው ብርድ ልብሱ ከላዬ ሲገፈፍ ነው።

ባሳ ደግሞ አንድ ቀን ውለታ ሊውልልኝ መጣ። ከመንገድ ላይ ዕቃ ሻጭ የገዛትን፣ ሽቦ የተንጠለጠለባትን ትንሽ ሣጥን አመጣ። «ይኸው ማሽንሽ፣ የምሕረት እናት። ሐኪም ቤት የሚዘርፉሽን በርካሽ ገላገልኩሽ» አለ። ያቺ ሣጥን ምርመራ አታውቅም፤ ሁሉን ድምፅ እኩል ታጮኻለች፣ የሚያስፈልገኝንም የማያስፈልገኝንም። ጆሮዬ ውስጥ ሰክቼ ገበያ ወጣሁ። የአንዱ ባጃጅ ጥሩምባ ጭንቅላቴን እንደ ፋስ ፈለጠው። ሽቦውን ነቅዬ ጣልኩ። እንደገና ደንቆሮ ሆኜ፣ ጆሮዬን ይዤ አስፋልቱን ሳቋርጥ ሌላው ባጃጅ ከግራ መጥቶ ጣለኝ።

ዳሌዬ በልዞ ተነሣሁ። ሹፌሩ ወርዶ ፊቴ ላይ ይጮኻል። ከከንፈሩ ገባኝ፤ «ደንቆሮ ነሽ እንዴ?» ነው የሚለው።

«አዎ» አልኩት።

ደግፎ ባጃጁ ላይ አሳፈረኝ። ከዚያ ሳንቲም ሳይቀበለኝ ቤቴ አደረሰኝ። በዚያ ዓመት ከወንድ ያገኘሁት ደግነት እሱ ብቻ ነው።

ምሕረት ቢጠና በምትባል ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው የምታስተምረው። የመገጨቴን ወሬ ሰምታ በማግስቱ ከች አለችና እየጎተተች ወደ ትልቁ ሆስፒታል፣ ከአንገት በላይ ሕክምና ወሰደችኝ። ወረፋው ረጅም ነበር። አጠገቤ ከዱቦ የመጣች ሴት ከትንሽ ልጇ ጋር ተቀምጣለች፤ ከነጠላዋ ጫፍ የተቀቀለ ስኳር ድንች ፈትታ ሳትናገር ግማሹን እጄ ላይ አስቀመጠች። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም ነበር። የልጅቷ ጆሮ ላይ ትንሽ መሣሪያ አየሁ። ልጅቷ እናቷ ከኋላ ስትጠራት ዞር አለች። ያንን መዞር ብዙ ጊዜ አየሁት። ቀናሁባት ብል አላፍርም።

ዶክተሯ ወጣት ናት፣ ከሰሜን የተመደበች። ካርዴን ገፋ አድርጋ መጀመሪያ ጆሮዬን በመብራት አየች። ከዚያ ወደ ቀኝ ጆሮዬ ተጠግታ ጮኸች።

«እማማ፣ እዚህ ጋ ተመትተው ያውቃሉ?»

ካርዱ ላይ ያለችውን ቃል ትታ እኔን ጠየቀችኝ። ያን ሁሉ ዓመት ማንም ያልጠየቀኝን ነው። ምሕረት አጠገቤ ናት፣ ስለዚህ በሹክሹክታ መለስኩ፤ ቢያንስ እኔ በሹክሹክታ መስሎኝ ነበር። መስማት የተሳነው ሰው የራሱን ድምፅ አይለካም። «መርክነህ ነው የመታኝ! የቅቤውን ገንዘብ እምቢ ስላልኩት ነው!» ብዬ ኮሪደሩ እስኪያስተጋባ ጮኼአለሁ። በሩ ክፍት ነበር። ወረፋው ላይ ከቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች ሁለቱ ተቀምጠዋል። ስወጣ ሁለቱም ጫማቸውን ያያሉ። ምሕረት ግን እጄን ይዛ አልለቀቀችም።

ድምፅ በማያስገባ ክፍል ውስጥ አስቀምጠው ሁለቱንም ጆሮዬን ለኩኝ። ዶክተሯ ውጤቱን ወረቀት ላይ እየጻፈች አስረዳችኝ። ግራው ታምቡሩ ተቀድዶ ሲመግል ስለኖረ፣ ድምፅ የሚያቀብሉት ትንንሽ አጥንቶች ተበልተዋል፤ ለእሱ ማሽን አይሆንም። ቀኙ በዕድሜ ነው የደከመው፤ የመስሚያ መሣሪያ ቢደረግለት ይረዳዋል። ይህን ልብ በሉት፤ በኋላ የተፋለምንበት ይኸው ነው።

መሣሪያውን የሚሸጠው ሰው ከአዲስ አበባ እየተመላለሰ በተከራያት ክፍል ውስጥ ይሠራል። እኔን ማዘር፣ ምሕረትን እህቴ ይላል። ምሕረት በኋላ እንደነገረችኝ፣ ስለ ጆሮዬ ከመጠየቁ በፊት «ውጭ አገር ሰው አላችሁ?» ነው ያላት። እሷም የዋህ ናት፣ «ወንድሜ ደቡብ አፍሪካ ነው» አለችው። ሰውየው ካልኩሌተሩን ነካክቶ ወደ እኔ አዞረው። ሰባ ሺህ ብር፣ ለአንድ ጆሮ።

«ዶላር ጨምሯል፣ ማዘር። ይሄ እኮ የጀርመን ነው» አለ።

የጡረታ ደሞዜን ያየ ሰው ያን ቁጥር አያዞርብኝም። ስንወጣ የዱቦዋ ሴት ደጅ ላይ ባትሪ ልትገዛ ቆማለች። ሻጩ ስንት ብር እንደጠራብን ጠየቀች። ምሕረት ነገረቻት። ሴትየዋ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ለልጄ አርባ ሁለት ነው የከፈልኩት። ያው ራሱን ነው፣ ሣጥኑም ያው ነው። እኔን ግን ማን አላችሁ ሲለኝ ፍየል አለኝ አልኩት።»

በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ። ቢሆንም አርባ ሁለት ሺህም የለኝም።

ቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ገብቷል። የተቀመጥኩት ግራዬን ለበሩ ሰጥቼ ነበር፤ መርክነህ ሲገባ አላየሁትም። ነጠላዬን ከአንገቴ ጋር አንቆ ከወንበሩ አነሣኝ። አፉ ሲከፈትና ሲዘጋ አያለሁ፤ ምራቁ ፊቴ ላይ ያርፋል፤ ድምፅ ግን የለም። የሆስፒታል ወረቀቶቼን ከጠረጴዛው አንሥቶ ቀደዳቸው። ሳህኑን ግድግዳው ላይ ፈረከሰው። ምሕረት ከጓዳ ወጥታ በመካከላችን ገባች፤ እሷንም በትከሻው ገፍቶ በሩ ላይ ጣላት። ከዚያ ኮቱን አስተካክሎ ወደ ጸሎት ስብሰባ ሄደ። ይህን አልጨመርኩበትም፤ የጸሎት ቀኑ ነበር።

በሳምንቱ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሊያስታርቁኝ መጡ። በእነሱ አባባል እኔ የሰውየውን ስም አጥፍቻለሁ። «እሱ ጆሮዬን አጥፍቷል፤ መጀመሪያ የቀደመውን እንይ» አልኳቸው። ጸሎት እንጸልይና ይለፍ አሉ። አልጸልይም አልኩ። በአገራችን ወግ ጥርስ የሰበረ ካሳ ይከፍላል፣ ዐይን ያጠፋ ይከፍላል፤ እኔም የማሽኑን ዋጋ እጠይቃለሁ፣ ያለ እሱ ከማንም ጋር አልታረቅም ብዬ የአገር ሽማግሌ እንዲሰየም ጠየቅሁ።

የተቀመጥነው በአቶ ሎምበሶ ግቢ ነው። እሳቸው ከሦስቱ ሽማግሌዎች ታላቁ ናቸው። መርክነህ ከባሳ ጋር መጣ፤ እኔ ከምሕረት ጋር። ምሕረትን በቀኜ አስቀምጬ፣ የተባለውን ሁሉ ሳትቀንሺ ጆሮዬ ላይ ንገሪኝ አልኳት። ስለዚህ እያንዳንዱ ስድብ ሁለት ጊዜ ይነገር ነበር፤ አንዴ በእነሱ አፍ፣ አንዴ በልጄ።

«ባሳ አሮጊቷ ቂመኛ ናት ይላል!» ትላለች ምሕረት እየጮኸች።

«እውነቱን ነው በይው።»

ሁለተኛው ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ባልና ሚስት አንድ ሥጋ ናቸው። አንድ ሥጋ ለራሱ እንዴት ካሳ ይከፍላል?»

«አንድ ሥጋ ከሆንን የእሱ ጆሮ ለምን አልደማም?» አልኩ።

ባሳ ተነሣ። ለዚህ ተዘጋጅቶበት ነው የመጣው። «መታት እንበል። እንበል ነው ያልኩት። መታ የምትለው ግራውን ነው። ዶክተሯ ደግሞ ለግራው ማሽን አይሆንም ብላለች። ማሽኑ የሚገባው ቀኙ ውስጥ ነው። ቀኙን ማን ነካው? ዕድሜ! እንግዲህ ዕድሜን ትክሰስ።»

ሦስተኛው ሽማግሌ ሳቁ። ምሕረት ይህንንም ቃል በቃል ጆሮዬ ላይ ደገመችው።  ነገሩ ሲሰሙት ልክ ይመስላል፤ የባሳ ነገር ሁሉ እንደዚያ ነው። ያጠፋው ጆሮ አይጠገንም፣ ስለዚህ አይከፍልም፤ የሚጠገነውን አልነካም፣ ስለዚህ አይከፍልም። ቢገድለኝ ኖሮ ደግሞ ለሞተ ማሽን አያስፈልግም ይል ነበር።

ወደ አቶ ሎምበሶ ዞርኩ። እሳቸው ገበሬ ናቸው።

«አባቴ፣ የሰው ጥማድ በሬ አለ እንበል። አንድ ሰው መጥቶ አንዱን ገደለበት። ባለቤቱ በቀረው እየተንገታገተ ኖረ። ያም አረጀ፣ ደከመ። ያኔ ባለቤቱ ገዳዩን ቢጠይቀው፣ ገዳዩ እኔ ይሄኛውን አልነካሁም ሊል ይችላል?»

አቶ ሎምበሶ አፈሩን በከዘራቸው ጫሩ።

«አይልም» አሉ። «አንዱን በሬ የገደለ ለቀረው መቀናጆ ያመጣል። ሁለቱ እያሉ አንዱ ቢደክም ሌላው ይጎትት ነበር።» ወደ መርክነህ ዞሩ። «አንተ ራስህ ተናገር እንጂ ወንድምህ ምንህ ነው? መትተሃታል ወይስ አልመታሃትም?»

መርክነህ ቆመ። «በእግዚአብሔር ፊት እናገራለሁ። በዚህች ሴት ላይ እጄን አንሥቼ አላውቅም።»

ምሕረት አልደገመችልኝም። ዞሬ አየኋት። ከዚያ እሷው ተነሣች። «አባ፣ ባለፈው ሳምንት በሩ ላይ የጣልከኝ በምንህ ነው?» አለችው። ይህንን ያወቅሁት በኋላ ነው፤ ያኔ ያየሁት መርክነህ የያዘው ዱላ ሲነሣ ብቻ ነው። ወደ እሷ ነው ወይስ ወደ እኔ፣ አላውቅም። ምሕረት ክንዷን ጋረደች። ዱላው ክንዷ ላይ አርፎ ወደ አግዳሚው መለሳት፤ በጆሮዬ ሳይሆን በአግዳሚው በኩል ጭኔ ላይ ተሰማኝ።

ከሽማግሌዎቹ ቀድሜ ደረስኩ። ዱላውን ከእጁ ነጠቅሁት፤ ያን ያህል ጉልበት እንዳለኝ አላውቅም ነበር። ራስ ቅሉ ላይ ላሳርፈው ወደ ላይ አነሣሁት። አቶ ሎምበሶ ክንዴን ያዙኝ እንጂ እኔ ራሴ አልቆምኩም። ይህንን የምጽፈው ማንም ቅድስት ናት እንዳይለኝ ነው። ዱላውን አልመለስኩም። ጉዳዩ እስኪያልቅ ጭኔ ላይ አጋድሜ ተቀመጥኩ፤ የጠየቀኝም የለም።

አቶ ሎምበሶ ለመወሰን ምስክር አላስፈለጋቸውም። «እጁን አንሥቶ እንደማያውቅ ሁላችንም አየን» አሉ፤ ባሳ እንኳ መሬት መሬት አየ። ለጊፋታ የሚደልበው በሬ ይሸጥ ተባለ፤ ከዋጋው የማሽኑና የምርመራው ይከፈል። መርክነህ ቦዲቲ ወንድሙ ዘንድ ይቀመጥ፣ የሶዶው ቤት ለእኔ ይሁን። እኔም አንድ ነገር ጠየቅሁ። ማሽን ያለ ባትሪ ጠጠር ነው፤ ባትሪ ደግሞ ያልቃል። እድሜ ልኬን የሚያስፈልገኝን ባትሪ እሱ ይግዛ፣ በሰው ሳይልክ ራሱ ያምጣ አልኩ።

«ይህ ማዋረድ ነው» አለ ባሳ።

«ነው» አልኩት።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩና አጸደቁት።

የተቀደደውን ምርመራ ከሆስፒታሉ እንደገና አስጽፈን፣ ልንገዛ ስንሄድ የዱቦዋን ሴት ይዘናት ሄድን። ሻጩ እሷን ሲያይ ካልኩሌተሩን ራቅ አደረገው። እኔም እንደ አስተማሪ ጠየቅሁት። የመሣሪያው ብቻውን ስንት ነው? በጆሮ ልክ የሚሠራው ፕላስቲክስ? ማስተካከያውስ፣ ስንት ጊዜ በነጻ ነው? ቢበላሽ ማን ይጠግነዋል፣ እስከ መቼ? እያንዳንዱን ለየብቻ ጽፈህ ማኅተም አድርግበት አልኩት። ጻፈ። ሲደመር አርባ ሁለት ሺህ ሆነ፤ ፕላስቲኩና ዓመት ሙሉ ማስተካከያው በውስጡ። በምላስ ሲነገር ሰባ የነበረው ዋጋ በብዕር ሲጻፍ ያንን ያህል ቀነሰ። እናንተም ይህን አድርጉ፦ የመስማት ምርመራችሁን ሳትይዙ አትግዙ፣ ውጭ አገር ስላለው ዘመዳችሁ አትናገሩ፣ ዋጋ ሳይዘረዘር ገንዘብ አታውጡ። ከመንገድ የተገዛ ሣጥን ደግሞ ለጠላቴም አልመኝ፤ ለባሳ ካልሆነ በቀር።

መሣሪያው እንደ መነጽር አይደለም፤ አድርገውት ወዲያው ዓለም አይጠራም። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ድብደባ ናቸው። ማንኪያ ሳህን ሲነካ ዘለልኩ። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲወርድ ቤቱ የፈረሰ መሰለኝ። የራሴን ማላመጥ ጠላሁት። ሁለቴ አውልቄ መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት። ሻጩ ዘንድ ተመላለስኩ፤ አንዱን ድምፅ ዝቅ፣ ሌላውን ከፍ እያደረገ አስተካከለልኝ፤ ሥራውንስ ያውቃል። ቀስ በቀስ ጭንቅላቴ ለየ። አንድ ጠዋት ምሕረት ከጓዳ «አዬ» ብላ ስትጠራኝ፣ እኛ እናትን እንደዚያ ነው የምንጠራው፣ ሳላያት ዞርኩ። እሷ ምን ልትለኝ እንደጠራችኝ ረሳች።

መርክነህ ባትሪ ያመጣል። ከቦዲቲ በአውቶቡስ ይመጣል፤ ሶዶ ይገዛል፤ በሩን ያንኳኳል። አሁን ሲያንኳኳ እሰማለሁ። እርጅና እሱንም አልማረውም፤ ትከሻው ወርዷል። እሽጉን ይዘረጋል፣ እቀበላለሁ፣ እዘጋለሁ።

ባለፈው ጊዜ አሮጌው ባትሪ አልቆ ነበር፤ እዚያው ቆሜ ልቀይር መሣሪያውን አወለቅሁ። ጎንበስ ብዬ አዲሱን ከእሽጉ ስፈለቅቅ ጥላው ሲነቃነቅ አይቼ ቀና አልኩ። ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ነው። ዐይኑ እርጥብ ነበር፤ ከነፋሱ ይሁን ከሌላ አላውቅም። ቃሉን ከከንፈሩ ማንበብ እችል ነበር፤ የእሱን አፍ ሳነብ ኖሬአለሁ። ወደ እጄ ተመለከትኩ።

ባትሪውን ከተትኩ። የመሣሪያውን ክዳን ዘጋሁ። ጆሮዬ ውስጥ አደረግሁት፣ መሥራቱን የሚነግረኝን ድምፅ እስክሰማ ጠበቅሁ።

«አሁን ተናገር» አልኩት።

ወደ መንገዱ አየ። ባርኔጣውን አስተካከለ። ከዚያ ዞሮ ሄደ፤ ኮረቱ ላይ የሚጎትተውን እግሩን እስከ አስፋልቱ ድረስ ሰማሁት።